አንድሮሜዳ የማን ልጅ ነበረች?

በጥንቱ የግሪኮች አፈ ታሪክ ውስጥ አንዲት የኢትዮጵያ ልዕልት አለች። ስሟ አንድሮሜዳ ይባላል። አባቷ ንጉሥ ሴፊየስ፣ እናቷ ንግሥት ካሲዮፒያ ናቸው። ካሲዮፒያ በቁንጅና ስትመጻደቅ «የባሕር ልዕልቶች እንኳ አይደርሱብንም» አለች። የባሕሩ አምላክ ፖሳይደን ይህን ሰምቶ ተቆጣ። አገሩን በጎርፍ አጥለቀለቀው፣ ከባሕር ውስጥም አውሬ ላከበት። ንጉሡ መላ ቢያስጠይቅ «ልጅህን ለአውሬው ካልሰጠህ መዓቱ አይቆምም» ተባለ። ልጅቷን ወስደው ባሕር ዳር ካለ አለት ጋር በሰንሰለት አሰሯት። ሜዱሳ የተባለችውን ጭራቅ አንገት ቆርጦ ወደ አገሩ ይመለስ የነበረው የግሪክ ጀግና ፐርሲየስ በዚያ ሲያልፍ አያት። አውሬውን ገደለ፣ እሷንም አገባት።

ሆሊውድ ይህን ታሪክ ይወደዋል። በ1981 «ክላሽ ኦፍ ዘ ታይታንስ» በሚል ርዕስ ሠራው። በ2010 ወደ 125 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ እንደገና ሠራው። በ2012 ተከታዩ ክፍል ወጣ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በሦስቱም ፊልሞች አንድሮሜዳ አለች። በመጀመሪያው ጁዲ ባውከር፣ በሁለተኛው አሌክሳ ዳቫሎስ፣ በሦስተኛው ሮዛመንድ ፓይክ ሆነው ተጫውተዋታል። ሦስቱም ነጮች ናቸው። አገሯም ተቀይሯል። በ1981ዱ ፊልም የኢዮጴ ልዕልት ናት፣ በ2010ሩ ደግሞ የአርጎስ።

ኢዮጴን ፊልም ሠሪዎቹ ከኪሳቸው አላወጧትም። ዛሬ የቴል አቪቭ አካል በሆነችው በዚያች ወደብ ታሪኩ ተፈጸመ ብለው የጻፉ የጥንት ሰዎች ነበሩ። አርጎስ ግን የግሪክ ከተማ፣ የፐርሲየስ አገር ናት። የ2010ሩ ፊልም ልጅቷን የባሏ አገር ተወላጅ አድርጎ አረፈው።

ሌላም ነገር አለ። በ1981ዱም በ2010ሩም ፊልም አንድሮሜዳን ሊበላ የሚመጣው አውሬ ክራከን ነው። ክራከን ከግሪክ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የኖርዌይ መርከበኞች ተረት ነው። ስለዚህ አውሬው ከሰሜን አውሮፓ መጣ፣ ልዕልቲቱ ከአፍሪካ ወጣች። በዚህ ምክንያት «ዋናውን ታሪክ አበላሻችሁ» ብሎ ዘመቻ የከፈተ ሰው አላየሁም።

ይህን ያነሣሁት ዛሬ በየፊልሙ ላይ የሚነሣውን ጭቅጭቅ በዚህ በኩል ማየት ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው።

ጭቅጭቁ ከየት መጣ?

በ2018 ቢቢሲና ኔትፍሊክስ የትሮይን ጦርነት በተከታታይ ድራማ አቀረቡት። የግሪኮቹን ዋና ጀግና አኪለስን የተጫወተው ወላጆቹ ከጋና የመጡት እንግሊዛዊ ዴቪድ ጊያሲ ነበር። የአማልክቱን አለቃ ዚየስን ደግሞ ሌጎስ የተወለደው ሃኪም ኬ-ካዚም ተጫወተው። ወዲያው ቁጣ ተነሣ። በ2019 ዲዝኒ ለ«ዘ ሊትል መርሜይድ» ጥቁሯን ዘፋኝ ሃሊ ቤይሊን መምረጡን ሲያስታውቅ «የእኔ ኤሪየል አይደለችም» የሚል ሃሽታግ ሶሻል ሚዲያውን ሞላው። ፊልሙ በ2023 እስኪወጣ ድረስ ነገሩ አልበረደም። የክሪስቶፈር ኖላን «ዘ ኦዲሲ» ደግሞ የ2026 ፊልም ነው። እነ ሉፒታ ኒዮንጎና ዜንዳያ እንዳሉበት ሲታወቅ ያው ክርክር ተመልሶ መጣ።

በአንድ ወገን ያሉት «ይህ የአውሮፓ ቅርስ ነው፣ ለምን ታቀላቅሉታላችሁ?» ይላሉ። በሌላው ወገን ያሉት «ተረት ነው፣ ማንም ሊጫወተው ይችላል» ይላሉ። ሁለቱም ወገን አብዛኛውን ጊዜ የጥንቱን ጽሑፍ አልገለጠውም።

ኩባንያዎቹ ለምን እንዲህ ማድረግ ጀመሩ? ብዙ ሰው ኦስካር አስገድዷቸው ይመስለዋል። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። በ2015 እና በ2016 በትወና ዘርፍ የታጩት 20ዎቹም ነጮች ሆኑ። ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ በ2020 አዲስ መስፈርት አወጣ፣ ከ2024ቱ ሽልማት ጀምሮም ሥራ ላይ አዋለው። ለምርጥ ፊልም የሚወዳደር ሥራ ከአራት መስፈርቶች ሁለቱን ማሟላት አለበት። አንደኛው በስክሪን ላይ የሚታየውን ይመለከታል። ሁለተኛው ከካሜራ ጀርባ የሚሠሩትን ነው። ሦስተኛው ለጀማሪዎች የሚሰጥ ሥልጠናና የሥራ ዕድል ነው። አራተኛው ፊልሙን የሚያስተዋውቁና የሚያከፋፍሉ ኃላፊዎችን ነው። ቁጥሩን ቆጥራችሁ ከሆነ አንድ ፊልም ተዋናዮቹ በሙሉ ነጭ ሆነውም ማለፍ ይችላል።

ዋናው ገፊ ገበያው ነው። ስትሪሚንግ ፊልምን በአንድ ቀን ለሌጎስም ለሙምባይም ለሳኦ ፓውሎም ያቀርባል። የዚህ ሁሉ ተመልካች ፊት የማይታይበት ፊልም መሥራት እየከበደ መጣ። ገንዘብ ግን በተቃራኒው አቅጣጫም ይገፋል። በ2014 ሪድሊ ስኮት ስለ ሙሴ የሠራው ፊልም ሙሴንም ፈርዖንንም ለነጭ ተዋናዮች ሰጠ። ተጠየቀ። መልሱ ግልጽ ነበር። በዚህ በጀት የሚሠራ ፊልም ላይ ዋናው ተዋናይ ስሙ የማይታወቅ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰው ነው ብል ገንዘቡን የሚሰጠኝ የለም አለ። አነጋገሩ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። እኔ ግን ቢያንስ አሠራሩን በግልጽ ስለተናገረ አመሰግነዋለሁ። ምርጫው የታሪክ ጥናት ውጤት አይደለም፣ የባንክ ጉዳይ ነው።

በ2025 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የፖለቲካው ነፋስ ተቀየረ። ዲዝኒን ጨምሮ ትልልቅ ኩባንያዎች የብዝኃነት ፕሮግራሞቻቸውን ማለሳለስ ጀመሩ። በገበያ የመጣ ነገር በገበያ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን በኩባንያዎቹ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ አንጠልጥሎ መተው አያዋጣም።

እስቲ ዋናውን እናንብበው

«ለጥንቱ ታሪክ ታመኑ» የሚለውን ሐሳብ እኔ በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ። ከተቀበልን ግን ማንበብ አለብን።

የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር «ኦዲሲ» የኢታካ ንጉሥ ኦዲሲየስ ከትሮይ ጦርነት ወደ አገሩ ለመመለስ ያየውን አበሳ ይተርካል። ገና ሲጀምር ፖሳይደን በቦታው የለም። ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሄዷል። በሬና በግ ታርዶለት ድግስ ላይ ተቀምጧል። ሌሎቹ አማልክት ኦዲሲየስን ወደ አገሩ ለመመለስ የሚመክሩት ይህን ቀዳዳ አግኝተው ነው። ፖሳይደን ከኢትዮጵያውያን ሲመለስ ደግሞ ኦዲሲየስን በባሕር ላይ ያየዋል፣ ማዕበሉንም የሚያስነሣው ያኔ ነው። ያ ድግስ ባይኖር ታሪኩ አይጀምርም ነበር። ስለ ትሮይ ጦርነት በሚተርከው በሆሜር ሌላ ግጥም በ«ኢሊያድ»ም እንዲሁ ነው። የአኪለስ እናት ቴቲስ ለልጇ አማላጅ ልትሆን ስትፈልግ ዚየስ የለም። አማልክቱን አስከትሎ ነቀፋ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ቤት ድግስ ሄዷል። በ12ኛው ቀን እስኪመለስ መጠበቅ ነበረባት።

ሩቅ ብቻም አይደሉም። ኦዲሲየስ ዩሪባተስ የሚባል አዋጅ ነጋሪ ነበረው። ሆሜር መልኩን ይነግረናል። ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ቆዳው ጠቆር ያለ፣ ጸጉሩ ከርዳዳ። ኦዲሲየስ ከጓደኞቹ ሁሉ አስበልጦ ያከብረው ነበር፣ ምክንያቱም ልባቸው አንድ ነበር። ይህ ሰው የኢታካ ንጉሥ የቅርብ ሰው ነው። በኦዲሲየስ መርከብ ላይ ጥቁር ሰው አየሁ ብሎ የሚቆጣ ተመልካች ስለ ዩሪባተስ ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ የሜምኖን ነገር ነው። ሜምኖን የኢትዮጵያውያን ንጉሥ፣ የንጋት አምላክ የኢኦስ ልጅ ነው። አባቱ የትሮይ ንጉሥ የፕሪያም ወንድም ነበር። የትሮይ ዋና ተዋጊ ሄክተር ከሞተ በኋላ ትሮይ ተስፋ በቆረጠችበት ሰዓት ሠራዊቱን ይዞ ደረሰ። ጋሻና ጥሩሩ እንደ አኪለስ ሁሉ በአምላክ እጅ የተሠራ ነበር። የሽማግሌውን የኔስቶርን ልጅ አንቲሎከስን ገደለ። በመጨረሻ ከአኪለስ ጋር ገጥሞ ወደቀ። እናቱ ዚየስን ለምና ዘላለማዊነት አሰጠችው። «ኦዲሲ» ውስጥ ኦዲሲየስ የአንድን ጀግና መልከ መልካምነት ሲያደንቅ ከሜምኖን ቀጥሎ እንደሱ ያማረ አላየሁም ይላል። ማወዳደሪያው ሜምኖን ነበር። ስለ እሱ የተጻፈ ራሱን የቻለ ረጅም ግጥም ነበር፣ «ኤቲዮፒስ» ይባላል። ግጥሙ ጠፋ። ዛሬ የቀረን ማጠቃለያውና ቁርጥራጩ ነው። በ2004 ብራድ ፒት አኪለስን የተጫወተበት «ትሮይ» የተባለው ትልቅ ፊልም ውስጥ ሜምኖን የለም።

እዚህ ጋ ሐቁን መናገር አለብኝ። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ የዛሬዋን ኢትዮጵያ ማለታቸው አልነበረም። ብዙ ጊዜ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር፣ ዋና ከተማው መርዌ የሆነውን ኩሽን ነበር የሚሉት። አንዳንዴም ፀሐይ በሚወጣበትና በሚገባበት የዓለም ጫፍ የሚኖሩ ሰዎችን። ሜምኖንን ከፋርስ ከሱሳ ያመጡትም አሉ። አክሱሞች ስሙን ለራሳቸው መጠቀማቸው በ4ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና የግሪክኛ ጽሑፍ ላይ ይታያል። ስለዚህ «አንድሮሜዳ የእኛ ሐበሻ ናት» ብሎ ባንዲራ ማንሣት አይሆንም። ሱዳናውያን ወንድሞቻችን ከእኛ የበለጠ ሊናገሩባት ይችላሉ።

መልኳስ? የሮማው ገጣሚ ኦቪድ በአንዱ ግጥሙ አንድሮሜዳ በአገሯ ቀለም የጠቆረች ናት፣ ፐርሲየስን ግን ደስ አሰኘችው ይላል። በሌላ ሥራው ፐርሲየስ በቀለሟ ነቅፏት አያውቅም ይላል። በሦስተኛው ደግሞ አለቱ ላይ ታስራ ስትታይ የእብነ በረድ ሐውልት ትመስል ነበር ይላል። አንድ ሰው፣ ሦስት ቦታ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ሄሊዮዶረስ የተባለ ጸሐፊ በግሪክኛ የጻፈው ልብ ወለድ ነው። ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። የመርዌ ንጉሥ ሃይዳስፐስና ንግሥት ፐርሲና ጥቁሮች ናቸው። ንግሥቲቱ ነጭ ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ እንዳይጠረጥራት ፈርታ ልጇን ደበቀች፣ ደብዳቤም ጻፈችላት። ምክንያቱ ምን ነበር? በፀነሰችበት ሰዓት መኝታ ቤቱ ውስጥ የተሰቀለ የአንድሮሜዳ ሥዕል ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነው። የኢትዮጵያ ነገሥታት አንድሮሜዳን እንደ ቅድመ አያታቸው ይቆጥሯታል፣ ግድግዳቸው ላይ ግን የተሣለችው ነጭ ሆና ነው። ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ ልብ ወለድ ይህን ችግር አይቶታል። አገሯ ጥቁር፣ ሥዕሏ ነጭ። ጸሐፊው ከዚህ ቅራኔ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አወጣ።

ከዚያ በኋላ የመጡት የአውሮፓ ሠዓሊዎች ሥዕሉን ይዘው ቀሩ። ቲሺያንም፣ ሩበንስም፣ ሬምብራንትም ነጭ አንድሮሜዳ ሣሉ። ፊልሙ የወረሰው የሠዓሊዎቹን አንድሮሜዳ ነው። ዛሬ «ኦሪጅናሉ» እየተባለ የሚጠበቀው አብዛኛውን ጊዜ የ16ኛውና የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ነው።

የንጉሥ አርተር ታሪክም ከዚህ አያመልጥም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሆላንድኛ የተጻፈ አንድ የፈረሰኛ ታሪክ ዋና ጀግናው ሞሪየን የተባለ ጥቁር ነው። አባቱን ፍለጋ የመጣ፣ ከአርተር ፈረሰኞች ከእነ ጋዌን ጎን ቆሞ የሚዋጋ ጎበዝ። በጀርመንኛው «ፓርዚቫል» ውስጥም የዋናው ጀግና ወንድም የጥቁር ንግሥት ልጅ ነው። በ2021 ሕንዳዊ ዝርያ ያለው ዴቭ ፓቴል «ዘ ግሪን ናይት» ላይ ጋዌንን ሲጫወት ብዙ ሰው አዲስ ነገር መሰለው። ሞሪየንን የሚያውቅ ግን እንደ አዲስ አያየውም።

ፊት መቀየር ብቻውን ይበቃል?

እኔ አይበቃም ባይ ነኝ።

ዴቪድ ጊያሲ ጥሩ ተዋናይ ነው። አኪለስን መጫወቱ ምንም አይከፋኝም። ሆሜር ለአኪለስ ወርቃማ ጸጉር ነው የሚሰጠው፣ ይህን መካድ አያስፈልግም። ብራድ ፒትም ቢሆን የግሪክ ሰው አይደለም። ተዋናይ የሌላውን ሰው ቆዳ ለብሶ መግባት ሥራው ነው። ግን አኪለስን ለጥቁር ተዋናይ መስጠት ታሪኩን አይለውጠውም። ትሮይን ማን እንደከበበ፣ ማን እንደረዳት፣ ዓለም ምን ያህል ሰፊ እንደነበረች የሚነግረን ሜምኖን ነው። ሜምኖን ሲገባ ጦርነቱ በአንድ ባሕር ዙሪያ ያሉ ዘመዳሞች ጠብ መሆኑ ይቀራል። ጥቁር ንጉሥ ሠራዊት ይዞ፣ በእኩልነት፣ በክብር ይገባል። ኮፒ ሳይሆን የራሱን ቦታ ይዞ። ተዋናይ መርጦ ፎቶ ከመለጠፍ ይህ ይበልጥ ድካም ይጠይቃል፣ ማንበብም ይጠይቃል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። አፈ ታሪክ ሌላ፣ ታሪክ ሌላ ነው። በ2023 ኔትፍሊክስ «ኩዊን ክሊዮፓትራ» የተባለ ዘጋቢ ድራማ አወጣ። ክሊዮፓትራን አዴል ጄምስ ተጫወተቻት። ግብፃውያን ተቆጡ። የአገሪቱ የቅርስ ባለሥልጣናት ሳይቀሩ መግለጫ አወጡ። ከቁጣው መሐል ዘረኝነት ያለበት ብዙ ነበር፣ ተዋናይቷ ላይ የወረደው ስድብ ያሳፍራል። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ተገቢ ነበር። ክሊዮፓትራ በአባቷ በኩል የመቄዶንያ ዘር ካለው ሥርወ መንግሥት የመጣች፣ በእርግጥ የኖረች ሴት ናት። ዘጋቢ ፊልም እውነቱን እነግራችኋለሁ ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ መስፈርቱ ከተረት ይጠብቃል።

ደግሞም ከአባይ ወንዝ ወደ ላይ ትንሽ ቢወጡ ኖሮ ካንዳኬ የሚባሉትን የኩሽ ንግሥቶች ያገኙ ነበር። ከክሊዮፓትራ ሞት ጥቂት ዓመት በኋላ የካንዳኬዋ ጦር የሮማን ይዞታ ወርሮ የአውግስጦስን ሐውልቶች ማረከ። ከነሐስ የተሠራ አንድ የአውግስጦስ ራስ በ1910 መርዌ ውስጥ በቁፋሮ ተገኝቷል፣ ዛሬ የእንግሊዝ ሙዚየም ውስጥ ነው። የተቀበረው ከአንድ ቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር ነበር። የሚወጣና የሚወርደው ሁሉ የሮማውን ንጉሥ ራስ እየረገጠ እንዲያልፍ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትዕይንት እያለ የሌላ ሰው ንግሥት መበደር ለምን አስፈለገ?

ንግሥተ ሳባ በሦስት ፊልም

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የንግሥተ ሳባ ነገር ነው። በ1959 ኪንግ ቪዶር «ሰሎሞንና ሳባ»ን ሠራ። ንግሥቲቱን የተጫወተችው ጣልያናዊቷ ጂና ሎሎብሪጂዳ ናት። ሰሎሞን ዩል ብሪነር ነበር። የተዋናይቷን መልክ ለጊዜው እንተወው። ታሪኩን እንየው። በዚህ ፊልም ንግሥቲቱ ከፈርዖን ጋር ተመሳጥራ ሰሎሞንን ለመጣል የመጣች አታላይ ናት። መሣሪያዋ ሰውነቷ ነው። የጣዖት በዓል ታዘጋጃለች፣ ጭፈራ አለ፣ ሕዝቡ ይስታል።

ክብረ ነገሥትን ያነበበ ሰው ይህን ሲያይ ምን ይሰማዋል? የክብረ ነገሥቷ ማክዳ ስለ ሰሎሞን የሰማችው ከነጋዴው ከታምሪን ነው። ታምሪን ወደ ኢየሩሳሌም ዕቃ ይዞ ሄዶ ስለ ንጉሡ ጥበብ እያደነቀ ተመለሰ። እሷ ጥበብ ናፈቃት። ያን ሁሉ መንገድ የሄደችው ለመማር ነው። ያታለለው እሱ ነው። በግድ አልነካሽም፣ አንቺም የቤቴን ንብረት አትንኪ ብሎ ቃል አስገባት። ከዚያ በፊት ውሃ የሚያስጠማ፣ ቅመም የበዛበት ምግብ አበላት። ሌሊት ውሃ ልትጠጣ ስትነሣ እጇን ያዛት። ከውሃ የሚበልጥ ንብረት የት አለ አላት። ሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን አድርጉት። አታላዩና ተታላዩ ቦታ ተቀያይረዋል። ነጭ ተዋናይት ከመምረጥ ይልቅ ይህ ይከፋል።

በ1995 ለቴሌቪዥን በተሠራ ፊልም ሃሊ ቤሪ ሆነች። ጥሩ እርምጃ ነበር። በ2022 ደግሞ ጆርጅ ሚለር «ስሪ ታውዘንድ ይርስ ኦፍ ሎንጊንግ» ላይ ንግሥቲቱን ለኡጋንዳዊቷ አሚቶ ላጉም ሰጣት። ትዕይንቱ አጭር ነው። ግን አንድ ቁም ነገር አለው። ታሪኩን የሚተርከው ጂኒ «እሷ ወደ ሰሎሞን አልሄደችም፣ እሱ ነው ወደ እሷ የመጣው» ይላል። ክብረ ነገሥትም መጽሐፍ ቅዱስም እንዲህ አይሉም፣ ዳይሬክተሩ ታሪኩን ለውጦታል። እኔ ግን ይህን ለውጥ ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም ንግሥቲቱን ከነዙፋኗ አስቀምጧታል። በዚያ ላይ የየመን ሰዎችም ቢልቂስ የእኛ ናት ይላሉ፣ ሊሉም መብታቸው ነው። የየመን ተዋናይት ብትጫወታት የሚከፋኝ አይመስለኝም።

ገንዘቡ፣ መሬቱና የእኛ ድርሻ

በስክሪን ላይ ያለው ፊት ከሚታየው ውጭ ያለውን ሊሸፍን ይችላል። የኖላን «ዘ ኦዲሲ» በተዋናይ ምርጫው ሲወቀስና ሲወደስ፣ የቀረጻው አንድ ክፍል በ2025 ዳኽላ ውስጥ ተሠራ። ዳኽላ በምዕራብ ሰሃራ፣ በሞሮኮ ቁጥጥር ሥር ያለች ከተማ ናት። የሰሃራውያን የፊልም ፌስቲቫል ቀረጻው እንዲቆም ጠየቀ። የእነሱን ድምፅ ስንት ሰው ሰማ? ስለ ተዋናዮቹ ቆዳ ከተጻፈው ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። እኔ ግን የውክልና ጥያቄ ስል ይህንንም ማለቴ ነው።

በጀቱንም እንየው። በ2023 ኔትፍሊክስና ዩኔስኮ በውድድር የተመረጡ ስድስት የአፍሪካ ተረቶችን በአጭር ፊልም አወጡ። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከሞሪታኒያ። ለእያንዳንዱ ፊልም መሥሪያ የተሰጠው 75,000 ዶላር ነበር። የ2010ሩን የአንድሮሜዳን ፊልም በጀት ከላይ ጠቅሻለሁ። ቢሆንም እነዚህ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው ተዋናይ፣ የራሳቸውን ተረት ሠሩ። ኢትዮጵያ ከስድስቱ ውስጥ የለችም።

ተረት አጥተን አይደለም። ተዋናይም አላጣንም። አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ ለኦስካር ታጭታለች። ዳይሬክተርም አለን። የዘረሰናይ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በፈረንሳዩ የካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታይቷል። ከሀገር ውስጥ ሲኒማ የጎደለው ለአፈ ታሪክ ገንዘብ የሚያወጣ ፕሮዲዩሰር ነው። የፍቅር ኮሜዲ በአንድ ቤትና በአንድ ካፌ ተቀርጾ ያልቃል፣ ገንዘቡንም ይመልሳል። ዘንዶ ግን ወጪ አለው።

ዘንዶ ስል የአክሱምን አርዌ ማለቴ ነው። በትግራይ የሚነገረውን አንዱን ሥሪት ኤኖ ሊትማን የተባለ ጀርመናዊ ምሁር በ1904 አሳትሞታል። ሕዝቡ ለዘንዶ ይገብር ነበር። ተራው የአንዲት ልጅ ሆነ፣ እትየ አዜብ። ከዛፍ ጋር አሰሯት። ቅዱሳን መጡና ከዛፉ ሥር አረፉ፣ ዘንዶውንም ገደሉት። የዘንዶው ደም እግሯ ላይ ተንጠባጠበና ተረከዟ የአህያ ሆነ። ሕዝቡ አነገሣት። ወደ ሰሎሞን የሄደችው እግሯን ልታስፈውስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለቱሪስት በሚሸጡት ባለ 44 ክፍል ሥዕሎች ላይም ታሪኩ ከዘንዶው ይጀምራል። ሥዕሎቹን ልብ ብሎ ላየ ሰው ስቶሪቦርዱ ተሠርቶ ያለቀ ነው። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ሾት ነው።

እኛ ስንሠራው ግን ለሆሊውድ የምናቀርበው ጥያቄ ሁሉ ወደ እኛ ይዞራል። እትየ አዜብን በአማርኛ ብቻ ብንሠራት፣ ትግርኛ ተናጋሪው ተመልካች ያቺ የኢዮጴ ልዕልት እንዳጋጠመችን ዓይነት ነገር ያጋጥመዋል። በሲዳማ የሚተረከውን የንግሥት ፉራን ታሪክ ማን ይሠራው? እንደሚተረከው ፉራ ሴቶችን አንግሣ ወንዶችን ያስጨነቀች ናት፣ በመጨረሻም ወንዶቹ በተንኮል ፈጣን አውሬ ላይ አስረው አጠፏት። አንዱ ይህን የጨካኝ ሴት ታሪክ አድርጎ ይሠራዋል። የሲዳማ ሴት ዳይሬክተር ብትይዘው ምናልባት ሌላ ፊልም ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን ማየት እፈልጋለሁ።

ከሁሉም የሚከብደው ጉዲት ናት። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት አክሱምን ያጠፋች፣ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለች ናት። በቤተ እስራኤል ትውፊት ግን ዮዲት የራሳቸው ንግሥት ናት። እስራኤል የገባው ማኅበረሰብ ይህን ትዝታ ይዞ ሄዷል። አንድ ሰው ነገ ተነሥቶ የጉዲትን ፊልም ልሥራ ቢል፣ ስክሪፕቱን ከመጻፉ በፊት ገዳሙንም የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎችንም ተቀምጦ መስማት ይኖርበታል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ሰምቶ የሚሠራው ፊልም የቱንም ያህል ቆንጆ ቢሆን ግማሹን ተመልካች ከአዳራሹ ውጭ ያስቀራል።